እዚሁ ጎንደር የሚጠገን ግሪል

ያረጀ የጋዝ ግሪል ላድስ ስነሣ አንድ ነገር ወሰንኩ። ነገ የሚበላሸው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ጥገናው እዚሁ ጎንደር ማለቅ አለበት። "እባክህ ስትመጣ ይችን ዕቃ በሻንጣህ ያዝልኝ" እየተባለ የሚኖር ዕቃ ግማሹ የኔ አይደለም። ይህ ውሳኔ ሥራውን ሁሉ መራው፤ የትኛውን ክፍል ልጠብቅ፣ የትኛውን ልጣል፣ የት ላይ ገንዘብ ላውጣ፣ ሁሉንም ከሱ ተነሥቼ ነው የመለስኩት።

ግሪሉ የአጎቴ ነበር። ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖሮ ጠቅልሎ ሲገባ ከቤት ዕቃው ጋር በኮንቴይነር አስጫነው። አዘዞ ባለው ግቢው ፋሲካም ጥምቀትም ተጠበሰበት። ከዚያ አንዱ በርነር (ጋዙ በቀዳዳዎቹ እየወጣ የሚነድበት ቱቦ) አልበራ አለ፣ የጋዙ ጎማ ተሰነጠቀ፣ ክረምት መጣ፣ ሌላም ክረምት መጣ፣ ግሪሉ ከውሃ ታንከሩ ሥር ተገፍቶ ቀረ። "ከፈለግኸው ውሰደው፣ አለዚያ ለቁራሌው ነው የምሰጠው" አለኝ። ወሰድኩት።

ሰው ሁሉ ግን ያገኘውን አሮጌ ግሪል ያድስ አልልም። መጀመሪያ ገላውን ማየት ነው፤ እሳቱን የሚይዘውን ሳጥንና ክዳኑን። ይኸኛው ከወፍራም አሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ ነው። ማግኔት አይዘውም፣ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፣ በጣት ሲመታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። እግሩ ዝጓል፣ ውስጡ ጠቁሯል፣ ግን ገላው አልተነካም። ገላው ከስስ ላሜራ የተሠራና ታቹ የተበሳ ከሆነ ግን ልፋት ነው፤ በአንድ በኩል ስትደፍኑት በሌላው ይቀደዳል።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር ከጎኑ የተለጠፈችው የብረት ጽሑፍ ናት። ምን ዓይነት ጋዝ እንደሚጠቀም እዚያ ላይ ተጽፏል። አሜሪካ ውስጥ ከመንገድ በቧንቧ በሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ግሪሎች አሉ። የነሱ ኖዝል (ጋዙን ለክቶ ወደ በርነሩ የሚለቀው ጫፍ) ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው፤ የኛን የሲሊንደር ጋዝ ብታገናኙበት ከልክ በላይ ይለቀዋል፣ ነበልባሉም ከሳጥኑ ይወጣል። የአጎቴ ለሲሊንደር የተሠራ ስለሆነ በዚህ በኩል እፎይ አልኩ።

መፍታቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። የዛገ ቡሎን በጉልበት ከያዛችሁት አንገቱ ይቆረጥና ውስጡ ይቀራል። ናፍጣ ቀብቶ ማሳደር፣ በነጋታው በመዶሻ ቀስ አድርጎ ነካ ነካ ማድረግ፣ ከዚያ ቁልፉን አንዴ ወደ ማጥበቂያው አንዴ ወደ መፍቻው ማወዛወዝ። እንቢ ያለውን ትንሽ ሙቀት ሲነካው እሺ ይላል፤ ናፍጣው ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ግን። የፈታሁትን ሁሉ በስልክ ፎቶ አነሣሁ። ቡሎንና ዳዶውንም ከየት እንደወጣ ጽፌ በየቆርቆሮው ለየሁት።

ክዳኑን ከውስጥ ስታዩት ቀለሙ እየተላጠ ይመስላል። ጥቁር ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። እዚህ ብዙ ሰው ደንግጦ "ቀለሙ ምግብ ላይ እየወደቀ ነው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አይደለም፣ የዓመታት ጭስና ሞራ ተጋግሮ ነው። በፕላስቲክ መፋቂያ ተፍቆ በሙቅ ውሃና በኦሞ ሲታጠብ ይለቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፦ ቶሎ ይለቅልኝ ብላችሁ ኮስቲክ ሶዳ እንዳትጨምሩበት። ኮስቲክ አሉሚኒየም ይበላል፤ እየፈላ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል። የሽቦ ብሩሽ ስትጠቀሙም ጨርሳችሁ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉ። ከብሩሹ የምትሰበር ቀጭን ሽቦ ፍርግርጉ ላይ ከቀረች ከሥጋው ጋር ትበላለች። ጉሮሮና አንጀት ወግታ ሰው ሐኪም ቤት ያስገባችበት ጊዜ አለ። እኔ ምግብ በሚነካው ክፍል ላይ ከእድሳቱ ወዲያ የሽቦ ብሩሽ አላሳረፍኩም።

ሞራውን የምታጥቡት ለንጽሕና ብቻ አይደለም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የጋዙ እሳት ብቻውን ሳጥኑን እዚያ አያደርሰውም፣ ታች የተጠራቀመ ሞራ ሲቀጣጠል ግን ወፍራም የተባለውን ሳጥን ሊያጎብጥ ይችላል።

ዋናው ሥራ በርነሩ ላይ ነበር። ሁለት ናቸው። አንዱ ጥቂት ዝገት ቢኖረውም ቀዳዳዎቹ ክብ እንደሆኑ ነበሩ። ሌላው አልቋል። ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ረጅም ስንጥቅ ሆነዋል፣ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ብረቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ደህነኛውንም ቢሆን አየር በሚገባበት አፉ በኩል በእጅ ባትሪ ሳየው መተላለፊያው በነጭ የሸረሪት ድር ተደፍኗል። ትናንሽ ሸረሪቶች እዚህ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ማድራት ይወዳሉ፣ የጋዝ ግሪል ባለበት አገር ሁሉ የታወቀ ችግር ነው። ድሩ መንገዱን ሲዘጋው ጋዙ ወደ ኋላ ተመልሶ በአየር ማስገቢያው ይወጣና እሳቱ ከመቆጣጠሪያው ሥር ይነዳል። ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ ግሪል ሳይፈተሽ አይለኮስም የሚባለው ለዚህ ነው።

ያለቀውን ይዤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወደ አንድ ሽማግሌ በያጅ ሄድኩ። ገልበጥ አድርገው አዩት።

"ልጄ፣ ይኸ ብረት አልቋል እኮ። ብበይደውም አይይዝልህም።"

"እንደሱ አድርገው አዲስ ቢሠሩልኝስ ጋሸ?"

"ስቴንለስ ካመጣህ እሠራዋለሁ። በዚህ ላሜራ ከሆነ ግን ገንዘብህን ነው የምታነደው።"

እውነታቸውን ነው። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ እሳት ላይ አይሆንም። ዚንኩ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ ከዚያ በላይ ሲግልና ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሰው ያሳምማል። በያጆች ራሳቸው ጋልቫናይዝድ ሲበይዱ ውለው ማታ ብርድ ብርድ የሚላቸው በዚሁ ነው። ምግብ የሚበስልበት ቦታ እንኳን ለበርነር ለፍርግርግም አይገባም። ስለዚህ ከሕንፃ ደረጃ መደገፊያ ተርፎ የተጣለ የስቴንለስ ቱቦ አፈላልጌ ገዛሁ። በማግኔት ሞከርኩት፣ አልያዘም። ማግኔት ብቻውን ፍጹም ማረጋገጫ አይደለም፣ ግን ተራ ብረት ሊሸጥላችሁ የፈለገን ሰው ወዲያው ይለያል።

ሽማግሌው የሠሩበትን መንገድ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ እጃቸው ስለሚያኮራ። ደህነኛውን በርነር በወረቀት ጠቀለሉት። ወረቀቱን በጥላሸት በተነካ ጣታቸው ዳር እስከ ዳር ሲያሹት የቀዳዳዎቹ ምልክት በሙሉ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ያንኑ ወረቀት በአዲሱ ቱቦ ላይ ጠቅልለው በየምልክቱ ቡጢ መቱ። ከዚያ ፑንታዎቻቸውን አንድ በአንድ እያወጡ ዝገት ባልነካው ቀዳዳ ሞከሩ፤ ሳትላላም ሳትጠብም ልክ የገባችውን መርጠው በትራፓኖ በሡት። "ሰፋ ባደርገው እሳቱ ይጨምርልሃል ብዬ አልዋሽህም" አሉኝ። "ከሰፋ እሳቱ ወደ ውስጥ ይገባል።" በመጨረሻ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ስለታም ጠርዝ በረጅም ሞረድ አነሡት። ያችን ወረቀት ለምኜ ወሰድኳት። በርነሩ ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ወረቀቷን ይዤ ማንኛውም በያጅ ዘንድ መሄድ እችላለሁ።

ጎንደር ላይ ሆኖ ስለ ጥገና እያወሩ ግንቡን አለማንሣት አይቻልም። ፋሲል ግቢ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግኖ ነበር። ዘመናዊ ስለሆነ ይሻላል ተብሎ ነው መቼም። ሲሚንቶ ግን ከጥንቱ ግንብ ጋር አይስማማም፣ ድርቅ ብሎ እርጥበቱን ያፍነዋል። ኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ቀድሞው ኖራ መመለስ ነበረባቸው። ከዚያው ግንብ ሥር ላደገ ሰው፣ የሚስማማውን ነገር ፈልጎ መጠገን ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ትምህርት ነው።

ወደ ጋዙ ልመለስ። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። የድሮውን ጎማና ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ጋዝ ግፊት የሚቀንሰውን) ሙሉ በሙሉ አስወግዳችሁ አዲስ ግዙ። የአሜሪካው ሬጉሌተር ማሰሪያ የኛን ሲሊንደር አይገጥምም፤ አጎቴ በመሃል ማገናኛ አስበይዶ ነበር የሚጠቀመው፣ እኔ ግን በጋዝ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አልፈልግም። ደግነቱ ግፊቱ ይቀራረባል። የአሜሪካ ግሪል የሚሠራው በ28 ሚሊባር ገደማ ሲሆን ለቤት ምድጃ ከሚሸጡት ሬጉሌተሮች 30 ሚሊባር የሚል የተጻፈበት አለ። ጽሑፉን አንብባችሁ ግዙ። ቁልፍ ያለው፣ ግፊቱ እንደልብ ከፍ ዝቅ የሚደረገው የትልልቅ ምድጃ ሬጉሌተር ለዚህ አይሆንም። ጎማውም የጋዝ መሆን አለበት፤ ለጋዝ የተሠራ መሆኑና የተመረተበት ዓመት ላዩ ላይ ታትሟል። የውሃ ጎማን ጋዙ ቀስ በቀስ ያበላሸዋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የሳሙና ሙከራ አለ። ኦሞ በውሃ በጥብጦ፣ የግሪሉን መቆጣጠሪያዎች ዘግቶ፣ ሲሊንደሩን ከፍቶ በየመገጣጠሚያው በስፖንጅ መቀባት። የሚያፈስ ካለ አረፋው እየተነፋ ያድጋል። በክብሪት የሚፈትሹ ሰዎች አይቻለሁ፣ በእግዚአብሔር ስም ተዉት። ሌላው መታወቅ ያለበት የሲሊንደር ጋዝ ከአየር የሚከብድ መሆኑ ነው፤ በውስጡ ካሉት ጋዞች ፕሮፔን የሚባለው አንድ ተኩል፣ ቡቴን የሚባለው ሁለት እጥፍ ያህል። ሲያመልጥ ወደ ላይ አይበተንም፣ መሬት ለመሬት ሄዶ ጉድጓድና ጥግ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሽታውም የጋዙ የራሱ አይደለም፣ መፍሰሱ እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረ ነው። ሽታ ካለ ክብሪትም፣ መብራት ማብራት ማጥፋትም የለም።

መጀመሪያ የለኮስኩት አመሻሽ ላይ ነበር፣ የነበልባሉ ቀለም በደንብ የሚለየው ጨለም ሲል ስለሆነ። ቢጫ ነበር። ጫፉ ይወዛወዛል፣ ከላዩ የያዝኩት ማንኪያ ወዲያው ጥላሸት ለበሰ። በርነሩ ምንም አልሆነም፤ ምክንያቱ ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ እጅ ፕሮፔን ተቃጥሎ እንዲያልቅ 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። ግሪሉ የተሠራው ለቆላ አገር ስለሆነ እዚህ ደጋ ላይ አየር ያንሰዋል። በበርነሩ አፍ ላይ በአንድ ቪት የተያዘች ትንሽ የአየር መዝጊያ አለች። አጥፍቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ትንሽ ከፈት አደረግኋት፤ እንደገና ለኮስኩ። ቢጫው ወደ ጫፉ ሸሸ። እንደገና ከፈት። ነበልባሉ አጠረ፣ ጸና፣ ሥሩ ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ። በዛ ሲል ደግሞ ከቀዳዳው ተነቅሎ እየተንሳፈፈ ያፏጫል፤ እዚያ ሲደርስ ጥቂት መለስ ይደረጋል። ማንኪያውን እንደገና ያዝኩበት፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እኔ ይህን ማስተካከል ከእድሳቱ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ግሪሉ የጎንደርን አየር የለመደው በዚያች ምሽት ነው።

ፍርግርጉ ከባድ የጊዛ ብረት፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። ዝገቱን ለማስለቀቅ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅዬ ነከርኩት፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ። ብዙ ከቆየ አቼቶው ብረቱንም መብላት ይጀምራል። ታጥቦ እንደወጣ ወዲያው እሳት ላይ አደረቅሁት፣ ምክንያቱም እርጥብ ጊዛ ዓይናችሁ እያየ ይዝጋል። ከዚያ ማሟሸት ነው።

እናቴ ቆማ ታየኝ ነበር። "ምን ትቀባዋለህ?" አለች። ዘይት አልኳት። "የምን ዘይት?" እሷ ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ የኖረች ሰው ናት፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከኔ ይልቅ እሷ ዘንድ አለ። የኑግ ዘይት መረጠች። ሳይንሱም ይደግፋታል። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ የሚባለው አሲድ ነው፤ እንዲህ ያለ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ሲሞቅ እርስ በርሱ ይያያዝና እንደ ቆዳ ጠንክሮ ብረቱ ላይ ይቀራል። ተልባም ይህ ጠባይ አለው። ቁልፉ ስስ ማድረግ ነው። ከቀባችሁ በኋላ ያልተቀባ እስኪመስል በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጭሱ እስኪያልቅ አሙቁት፣ ይቀዝቅዝ፣ ይደገም። እናቴ ጨርቁን ከእጄ ተቀብላ "አወፈርከው፣ ይሙጫል" እያለች ጠርጋ ጠርጋ መጀመሪያ ቡናማ፣ በኋላ ጥቁርና ለስላሳ አደረገችው። አሁን ዓሣ እንኳ አይዝም። ከጎርጎራ የሚመጣ የጣና ቀረሶ ቆዳው ሳይላጥ ይገለበጣል፣ ከዚህ በላይ ፈተና የለም።

የቀረው ቀላል ነው። የፕላስቲክ ጎማዎቹ ተሰባብረው ስለነበር በጋሪ ጎማ ተተኩ። የጎኑን ጠረጴዛ አናጢ ከዋንዛ ሠራልኝ። እግሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ለመኪና ጭስ ማውጫ የሚሸጠውን ሙቀት ቻይ ቀለም ቀባኋቸው፤ ተራ ቀለም ያኮርፋል። እሳት የሚጭረው ቁልፍ ሞቷል፣ አልተካሁትም፣ ረጅም መለኮሻ ይበቃል። ክዳኑ ግን ሁልጊዜ ተከፍቶ ነው የሚለኮሰው። ተዘግቶ ጋዝ ከተጠራቀመ በኋላ ከተለኮሰ ክዳኑ ፊት ላይ ይመጣል።

ከሰሉስ? ትላላችሁ። ከሰል እወዳለሁ፣ ጣዕሙም ሌላ ነው። ግን ማታ ከሥራ ገብቼ ቃሪያና በቆሎ እሸት ለመጥበስ ከሰል እያራገብኩ አላመሽም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ግሪሉ የቤቱ ምድጃ ይሆናል። ጾም ሲገባ ድንችና ቃሪያ፣ ጾም ሲፈታ ዝልዝል። ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጣም። ሥራ የማያጣ ብረት ደግሞ ቶሎ አይዝግም፤ በየጊዜው ይደርቃል፣ በየጊዜው ዘይት ያገኛል።

ከሰኔ እስከ መስከረም በረንዳ ሥር ይገባል። ሸራ አለብሰዋለሁ፣ ግን ታቹን አላስረውም፣ ነፋስ ይግባበት። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ብረት ከዝናቡ ይልቅ በታፈነው እርጥበት ነው የሚያልቀው። ከመስቀል በፊት በርነሮቹን አውጥቼ በባትሪ አያለሁ፣ በጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ሸረሪቱን አስወጣለሁ፣ የሳሙናውን ሙከራ እደግማለሁ፣ ጎማውን አጥፌ ስንጥቅ ካለ እፈልጋለሁ። ለቀጣዩ በርነር የሚሆን ቁራጭ ቱቦ ከወረቀቷ ጋር መሣቢያ ውስጥ አለ።

ከውጭ ለሚገቡ ዘመዶቻችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው። ግሪል ኮንቴይነር ውስጥ ከመጫናቸው በፊት የጎኑን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ከሆነ ከዚያው የሲሊንደር ጋዝ ኖዝሎቹን አብረው ይግዙ፣ እዚህ አታገኟቸውም፤ ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በእጅ በሥቶ ልክ ማምጣት ደግሞ በያጅ የሚችለው ሥራ አይደለም። ጎማና ሬጉሌተር ግን አያምጡ፣ እሱን ከዚሁ ትገዛላችሁ።